ለወጥ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ ስለ መምረጥ

ቤት በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር አለ። ገንዘቡም ሐሳቡም አስቀድሞ የሚሄደው እንግዳ ወደሚቀበሉበት ወደ አዳራሹ ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን በመጨረሻ፥ ከሌላው ክፍል በተረፈው ገንዘብና በተረፈው ዕቃ ይሠራል። ይሁን እንጂ የቤተ ሰቡ እንጀራ የሚጋገረው፥ ወጡ የሚሠራው፥ ሕፃናቱ የሚጠጡት ውሃ የሚፈላው በዚያ በተናቀው ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፥ የወጥ ቤት ግድግዳ ንጽሕና ከአዳራሹ ጌጥ ይልቅ ለቤተ ሰቡ ጤና የቀረበ ጕዳይ ነው። እንግዳ አዳራሹን በዓመት ጥቂት ቀን ያየዋል፤ የወጥ ቤቱን ጥላሸትና የዘይት ፍንጣሪ ግን ምግብ የምታበስለው ሴት ዕለት ዕለት ታየዋለች፥ ዕለት ዕለትም ትፈትገዋለች።

የቤት ግድግዳ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሆኑ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣው ደዌ የተጻፈውን ሕግ ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ የጎደጐደ እንደ ሆነ ካህኑ ተጠርቶ ያየዋል፥ ቤቱም ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ሰፍቶ የተገኘ እንደ ሆነ ድንጋዮቹ ወጥተው ይጣላሉ፥ ምርጊቱም ተፍቆ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይታደሳል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ያየ ሰው ይህ ሕግ ለምን እንዲህ እንደ ጠነከረ ለመገመት አይቸገርም።

ግድግዳን በሚያብረቀርቅ ሰሌዳ መለበጥም እንዲሁ የቆየ ጥበብ ነው። በግብፅ አገር በሰቃራ በሚገኘው በንጉሥ ጆሴር ፒራሚድ ሥር ያሉት ክፍሎች፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27ኛው መቶ ዓመት ገደማ፥ ሰማያዊ መልክ ባላቸው ጥቃቅን ሰሌዳዎች ተለብጠው ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የሆላንድ ሰዎች ወርዱም ቁመቱም 13 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን፥ በነጭ መደብ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሣለውን ሸክላ በምድጃቸው ዙሪያና በወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ጀመር። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በእጅ ስለ ነበረ ዋጋው ለድኻ የሚደርስ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓመት ሪቻርድ ፕሮሰር የተባለ እንግሊዛዊ ደረቅ የሸክላ ዱቄት በመኪና እየተጫነ ቅርጽ የሚይዝበትን ዘዴ አወጣ፤ ፕሮሰር ያሰበው ለቍልፍ ሥራ ሲሆን፥ ኸርበርት ሚንተን የተባለው የሸክላ ነጋዴ ግን ዘዴው ለግድግዳና ለወለል ሰሌዳ እንደሚሆን ተመልክቶ አሠራበት። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየቀነሰ ሄደ። በ1900 የተከፈተው የፓሪስ፥ በ1904ም የተከፈተው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ግድግዳቸው በነጭ ሰሌዳ የተሸፈነው፥ ነጩ ሰሌዳ ጥቂቱን ብርሃን የሚያበዛና በቀላሉ የሚታጠብ በመሆኑ ነው። የኒው ዮርኩ ሰሌዳ 7.5 በ15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ያ ቅርጽ እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ ይሸጣል።

በአሁኑ ዘመን ሴራሚክ በብዛት በመሥራት ከዓለም የምትቀድመው ቻይና ናት፤ ሕንድም ትከተላታለች። ስፔን በካስቴዮን፥ ኢጣልያ በሳሱዎሎ አካባቢ የሚሠሩት የታወቁ ናቸው። በኢትዮጵያም በሐዋሳ ከተማ የተቋቋመው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ የግድግዳና የወለል ሴራሚክ በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። ገዢው ግን የአገሩን ስም ብቻ ሰምቶ መግዛት አይገባውም። አንዱ አገር መልካሙንም መናኛውንም ይሠራልና፥ መመርመር የሚገባው በእጁ የያዘውን ሰሌዳ ነው።

ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋበት የመጀመሪያው መንገድ የግድግዳውን ከወለሉ አለመለየት ነው። የወለል ሴራሚክ እግር የሚረግጠው፥ ወንበር የሚጎተትበት ስለ ሆነ ጥንካሬ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ጥንካሬ ዋጋ ይከፈላል። ግድግዳን ግን የሚረግጠው የለም። የግድግዳ ሴራሚክ ገላው ለስላሳና ውሃ የሚመጥ፥ ፊቱ ብቻ እንደ መስተዋት ባለ ቅብ የተሸፈነ ነው። አይኤስኦ 13006 በተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ መግለጫ ውስጥ፥ ገላው ከክብደቱ ከመቶ 10 በላይ ውሃ የሚመጠው ሰሌዳ ለብቻው ተመድቧል፤ የተለመደው የግድግዳ ሴራሚክ ከዚህ ምድብ ነው። ፖርሲሊን የሚባለው ግን የሚመጠው ከመቶ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሻጩ ፖርሲሊኑን እያሳየ «ይህ ይበልጣል» ቢል ለወለል እውነቱን ነው። ለወጥ ቤት ግድግዳ ግን ፖርሲሊን ይከብዳል፥ ለመቍረጥ ያስቸግራል፥ ገላው ውሃ ስለማይመጥም በተራ የሲሚንቶ ጭቃ ደኅና አድርጎ አይያዝም፤ ስለዚህ ልዩ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ገዢው ለሰሌዳው፥ ለማጣበቂያውና ለቈራጩ ሦስት ጊዜ ጨምሮ ከፍሎ፥ የሚያገኘው ጥቅም ግን ጥቂት ነው። የግድግዳውን ለወለል ያነጠፈ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ይጐዳል፤ ጥቂት ዘመን ሳይቆይ ይሰነጠቅበታልና።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ሰሌዳውን ገልብጦ በጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ውሃው ወዲያው ከጠፋ የግድግዳ ነው፤ እንደ ተንጠባጠበ ከቆየ ፖርሲሊን ወይም ለዚያ የቀረበ ነው።

በሱቅ ውስጥ ሌላም ምርመራ አለ፤ ሐቀኛ ነጋዴም ይህን ቢያደርጉበት አይቈጣም። ሁለት ሰሌዳ ፊት ለፊት ሲያጋጥሙ መካከሉ የሚከፈት ወይም የሚወዛወዝ የሆነ እንደ ሆነ ሰሌዳው በእሳት ጊዜ ተጣሟል። አራቱን ደራርቦ በጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙ ጠርዛቸው እኩል ሊሆን ይገባል። በጣት አንጓ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ግን ዐይን የማያየው ስንጥቅ ይኖርበታል። ፊቱን በጥቁር ቀለም ቀብተው ጥቂት ቆይተው ሲጠርጉት፥ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መሥመር ወይም በነጠብጣብ የቀረ እንደ ሆነ ቅቡ ተሰነጣጥቋል ወይም ቀዳዳ አለበት። እንዲህ ያለው ስንጥቅ አንዳንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላም ይመጣል፤ ገላው እርጥበት እየጠጣ ጥቂት በጥቂት ሲያብጥ ቅቡ አብሮት መስፋት ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስለዚህ መልካም ፋብሪካ ሰሌዳውን በእንፋሎት ግፊት ፈትኖ ነው የሚያወጣው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን በቤት የሚደረገው ነው። አንድ ሰሌዳ ለናሙና ገዝቶ፥ በዘይት የታሸ እርድና በርበሬ በፊቱ ላይ ቀብቶ፥ አሳድሮ በማግሥቱ በሳሙና ማጠብ ነው። የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ግድግዳ ጠላቱ እርድና የበርበሬ ዘይት ናቸው፤ ይህን ፈተና ያለፈ ሰሌዳ ለሌላው ሁሉ ይበቃል። በደረጃ መግለጫውም ለእድፍ የሚሰጠው ማዕርግ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፥ 5 ከሁሉ በቀላሉ የሚጸዳው ነው፤ ቅብ ላለው ሰሌዳ ከ3 በታች ተቀባይነት የለውም። ያንኑ ናሙና በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጧት ብርሃንና በማታ በመብራት ማየት ደግሞ ይጠቅማል፤ በሱቅ መብራት የተወደደ መልክ በቤት ሲያዩት ሌላ ሊሆን ይችላልና።

ስለ መልኩ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሰው ዐይን ልዩ ልዩ ነው። ይሁን እንጂ ፊቱ የሚያብረቀርቀው ከደበዘዘውና ከሻከረው ይልቅ ቅባት ለመጥረግ ይቀላል። «እድፍ እንዳይታይ» ብሎ ጥቁር ወይም ዥጕርጕር መልክ የሚመርጥ ሰው ግን ሐሳቡን ቢመረምር መልካም ነው። በወጥ ቤት እድፍ ሊታይ ይገባዋል፤ የማይታይ እድፍ አይታጠብምና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የልክ ነገር ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚድነውም በዚህ ነው። ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ወርዱ 2.5 ሜትር፥ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ወጥ ቤት እንውሰድ። በሩ 0.9 በ2.1፥ መስኮቱ 1.2 በ1 ሜትር ነው፤ መስኮቱም ከሥራ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ከወለል 1.1 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ሴራሚኩ 30 በ60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በአንድ ካርቶን 8 ሰሌዳ፥ ማለት 1.44 ካሬ ሜትር ይገኝበታል። ግድግዳው ሁሉ እስከ ጣራው ድረስ ይልበስ የተባለ እንደ ሆነ፥ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 27.7 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለስብራትና ለቍራጭ ከመቶ 10 ሲጨመርበት 22 ካርቶን ይፈልጋል። ዙሪያውን እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ብቻ ቢሆን 14.7 ካሬ ሜትር ነውና 12 ካርቶን ይበቃል። በ5 ሜትሩ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ብቻ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀነት ተለጥፎ፥ ከማብሰያው ጀርባ ግን በ1.2 ሜትር ወርድ እስከ ጣራው ቢደርስ፥ 4.56 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በ4 ካርቶን ይፈጸማል።

እነሆ፥ በአንድ ወጥ ቤት 22 ካርቶን፥ 12 ካርቶን ወይም 4 ካርቶን። ማብሰያው ኤሌክትሪክ ወይም ጋዝ ሆኖ፥ እንጀራውና ከሰሉ በግቢው ውስጥ በሌላ ማድ ቤት የሚሠራ ከሆነ መቀነቱ ይበቃል፤ የቀረው ግድግዳ በሚታጠብ የዘይት ቀለም ይቀባል። ምጣዱም ማጠቢያውም በዚያው ክፍል ከሆነ ግን እንፋሎቱና ውሃው ዙሪያውን ስለሚደርስ እስከ 1.5 ሜትር ማልበስ ይገባል። እስከ ጣራ ማልበስ ለሆስፒታልና ለተማሪ ቤት ወጥ ቤት የሚገባ ነው። ለቤተ ሰብ ግን በዚያ ገንዘብ ሰፊ መስኮት ወይም መልካም የጭስ መውጫ ቢሠራ ይሻላል፤ ሴራሚክ ጥላሸትን ለማጠብ ያመቻል እንጂ ጭስን ከሰው ሳንባ አያወጣም።

የሰሌዳውም ልክ ከግድግዳው ልክ ጋር መስማማት አለበት። 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነው መቀነት ቁመቱ 30 የሆነው ሰሌዳ ሁለት ረድፍ ሆኖ ያለ ቍራጭ ይገባል። ቁመቱ 25 የሆነው ግን ሁለት ረድፍ ገብቶ 10 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ያን ለመሙላት ሦስተኛውን ረድፍ ሁሉ ቈርጦ ከግማሽ የሚበልጠውን መጣል ይሆናል። እንዲህ ሲሆን በካሬ ሜትር ርካሽ የነበረው ሰሌዳ ውድ ሆኖ ይገኛል። ስብራትም እንዲሁ ነው። በካሬ ሜትር 100 ብር የሆነው ሴራሚክ ሲቈረጥ ከመቶ 25 ቢጠፋ፥ በግድግዳው ላይ የዋለው አንድ ካሬ ሜትር 133 ብር ያወጣል፤ 120 ብር የሆነው ግን ከመቶ 5 ብቻ ቢጠፋ 126 ብር ነው። ይህ ለምሳሌ የተወሰደ ቍጥር ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን በየትኛውም ዋጋ ይሠራል።

የመጋጠሚያው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ፥ ሰሌዳው 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመጋጠሚያው ርዝመት 13 ሜትር ያህል ይሆናል፤ 30 በ60 ከሆነ ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። ሰሌዳው በቅብ የተሸፈነ ስለ ሆነ እድፍ አያስገባም፤ መጋጠሚያው የሚሞላበት ነጭ ሲሚንቶ ግን ቀዳዳ ያለበት ስለ ሆነ የእርዱን ቢጫና የዘይቱን ቡናማ ይጠጣል። ጥቂት ወር ሳይሞላ ከማብሰያው ጀርባ ያለው ነጭ መሥመር ሁሉ መልኩን የሚለውጠው ስለዚህ ነው። መድኀኒቱ መጋጠሚያውን ማሳነስ፥ በነጩ ፈንታ ፈዘዝ ያለ ግራጫ መሙያ መጠቀም ነው፤ ገንዘብ የተረፈው ከማብሰያው ጀርባ ላለው ጥቂት ቦታ ብቻ ኢፖክሲ የሚባለውን እድፍ የማይጠጣ መሙያ ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን መሥመሩን ለማጥፋት ብሎ ሰሌዳን ከሰሌዳ ያለ ክፍተት ማጋጠም ስሕተት ነው። ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ሊተውለት ይገባል፤ ግድግዳ በሙቀትና በእርጥበት ይንቀሳቀሳልና።

ትልቁ ሰሌዳ በመጋጠሚያ ሲያተርፍ በሌላ መንገድ ደግሞ ያስከፍላል። ግድግዳው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት በልስኑ ላይ ሲያስጠጉ ብርሃን በሰፊው የሚያሳልፍ የሆነ እንደ ሆነ፥ ወይ ልስኑ ይስተካከላል ወይ ትንሽ ሰሌዳ ይገዛል፤ ትንሹ የግድግዳውን ጥምመት ተከትሎ ይሄዳል። በጭቃ ምርጊት ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ከቶ አይገባም፤ ክብደቱን አይችለውም። በዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳም ላይ ቀለሙ ሳይፋቅ የተለጠፈ እንደ ሆነ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም 28 ቀን ያህል እንዲጠና ቢተዉት መልካም ነው።

የሚለጥፈውም ሰው እንደ ሰሌዳው መመረጥ አለበት። በሲሚንቶ ጭቃ የሚሠራ ከሆነ የግድግዳ ሴራሚክ አስቀድሞ በውሃ ተነክሮ ሊጠነፍፍ ይገባል፤ ደረቁ ገላ የጭቃውን ውሃ መጥጦ ሳይጠነክር ያደርቀዋልና። በፋብሪካ ማጣበቂያ ከሆነ ግን መንከር አያስፈልግም። አንዳንድ ግንበኞች ጊዜና ሲሚንቶ ለማትረፍ በሰሌዳው ጀርባ በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ ብቻ ጭቃ ጠብ አድርገው ይለጥፋሉ። ይህ ባዶ ቦታ የሚተው ሥራ ነው፤ ምስማር ሲመታበት ወይም ድስት ሲጋጨው ይሰበራል፥ ለበረሮም መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ ባለ ቤቱ የመጨረሻውን ሒሳብ ሳይከፍል በሳንቲም ጫፍ ሰሌዳውን እያንኳኳ መዞር ይገባዋል። ባዶ ድምፅ የሰጠው ይነሣና እንደ ገና ይለጠፍ።

በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠራው ወጥ ቤት ይህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልግ ነው። በጨረታው ሰነድ «አንደኛ ደረጃ ነጭ የግድግዳ ሴራሚክ» የሚል ቃል ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሁሉ ቃሉን ፈጽሟል፤ ዕቃውን የሚቀበለውም ሹም «አይሆንም» የሚልበት ምክንያት አያገኝም። ልኩ፥ የውሃ መምጠጡ ምድብ፥ ለእድፍ ያለው ማዕርግ፥ የማጣበቂያውና የመሙያው ዓይነት ተለይቶ ሊጻፍ፥ አንድ ናሙናም ሁለቱ ወገኖች ፈርመውበት ሊቀመጥ ይገባል። ዋጋውም ሲወዳደር የካርቶኑ ሳይሆን ተለጥፎ ያለቀው የካሬ ሜትሩ ዋጋ ይሁን። ይህ ባለመደረጉ ግድግዳው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲረግፍ፥ ጕዳቱ የሚደርሰው ሰነዱን በፈረመው ላይ አይደለም። በዚያ ወጥ ቤት ቆመው የሚሠሩት ሴቶችና ከዚያ የሚመገቡት ተማሪዎችና ሕመምተኞች ናቸው የሚጐዱት።

ገዢው ከሱቅ ሳይወጣ የካርቶኖቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ ያንብብ። በካርቶኑ ላይ ከስሙና ከልኩ በቀር የመልኩ ቍጥርና የትክክለኛ ልኩ ቍጥር ታትሞበታል። ፋብሪካው በአንድ ስም የሚሠራው ሴራሚክ ከእሳት በወጣ ቍጥር በመልኩም በልኩም ጥቂት ይለያያልና፥ ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ቍጥር ሊኖረው ይገባል። ሦስት ካርቶን ጐድሎ ከወር በኋላ ቢመለሱ ያው ቍጥር ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ በግድግዳው መካከል እንደ ጥፍ ጨርቅ የሚታይ ቦታ ይቀራል። የተረፈውን ሰሌዳ ግንበኛው እንዳይጥለው፥ አራት ወይም አምስቱ ከነካርቶኑ ጽሑፍ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። በግድግዳው ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧ ያፈሰሰ ቀን ቧንቧ ሠሪው መጀመሪያ የሚሰብረው ሴራሚኩን ነው።